ከጎንደር የወለቀ በር

«ልጆች ይዘሽ? ጎንደር?» አለችኝ ጓደኛዬ። ሳቋ ሻይዋን አስፈነጠራት።

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። እሷ ጎንደርን ሁለት ጊዜ አይታታለች፤ አንዴ ለሠርግ፣ አንዴ ለሥራ። ከሁለቱም ጉዞ ይዛ የተመለሰችው ወሬ ግን አንድ ነው፤ ጠጅ፣ ማሲንቆ፣ እስክስታ፣ ጎህ ሲቀድ መተኛት። «ጎንደር የማታ ናት። ቀኑን በምን ልታስውያቸው ነው? ወይስ አዝማሪ ቤት አስከትለሻቸው ልትገቢ?»

አብሬያት ሳቅሁ፤ ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የመንፈቀ ዓመት እረፍት ደርሷል፤ ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሰባት፤ የአውቶቡስ ትኬት ተቆርጧል። ደግሞስ እኔ የሐዋሳ ሰው አይደለሁም እንዴ? ዓርብ ማታ ከአዲስ አበባ የሚጎርፈው እንግዳ ሐዋሳን የሚያውቃት በምንድን ነው? በሙዚቃ፣ በቢራ፣ ሐይቅ ዳር በማምሸት። እሑድ ከሰዓት ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። የልጆቼ ሐዋሳ ግን ሌላ ናት። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዶ የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ መጠበቅ፣ አባ ኮዳ ለሚባለው ወፍ የዓሣ ራስ መወርወር፣ ሙዝ ከሚነጥቅ ጦጣ ጋር መጣላት። እንግዳ የማያያት ሐዋሳ ካለች፣ እንግዳ የማያያት ጎንደርም ሳትኖር አትቀርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጊዜው የ2006 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ነው። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፤ መንገዱም ሰላም ነው። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ተነሣን። አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ትንሹ «ጆሮዬ ተደፈነ» አለ፤ ወደ ደጀን ስንወጣ «ተከፈተልኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ዳርን እንኳ ሳያይ ተኛ። ጎንደር ስንገባ መሽቶ ነበር።

ፒያሳ አጠገብ የያዝነው ማረፊያ ቀዝቃዛ ነው። የእኛ ሌሊት እርጥብ ነው፣ የሐይቅ ሽታ አለው፤ የጎንደር ሌሊት ደግሞ ደረቅ ነው፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል። መብራት አጥፍተን ጋደም ከማለታችን ከመንገዱ ማዶ ማሲንቆ ተነሣ። ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ የሴት እልልታ። ከዚያ እንደገና ማሲንቆ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ትንሹ ከብርድ ልብስ ውስጥ ራሱን ብቅ አድርጎ፣ «እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ አይተኛም?» አለኝ። ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ፤ ልክ ነበረች ማለት ነው።

ንጋት ላይ ግን ሌላ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ማሲንቆው ዝም ብሏል፤ በምትኩ ቅዳሴ ከአንዱ ኮረብታ ይነሣል፣ ሌላው ኮረብታ ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ከሁለቱም ርቆ ይሰማል። ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ስትባል ሰምቼ የአፍ ልማድ ይመስለኝ ነበር። መስኮቱን ከፈትሁት። ከጣሪያዎቹ በላይ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ግንቡ ቆሟል። ሥዕሉን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሥዕል ጫፍ ላይ ቁራ አይቀመጥም። ልጆቹን ቀስቅሼ ወደ መስኮቱ ስጎትታቸው፣ ባለቤቴ «እስኪነጋ አትታገሺም?» ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ እሱም መጥቶ ከኋላችን ቆመ።

የፋሲል ግቢ አስጎብኚያችን ጸጉራቸው ሸበት ያለ ሰው ናቸው። እንደ ሥራቸው ከዓመተ ምሕረት ጀመሩ፤ አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. እንደ ቆረቆሩ፣ ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ድንኳን ተክለው ከቦታ ቦታ ይዞሩ እንደ ነበር፣ ግቢው እንደ ፈረንጆቹ በ1979 በዩኔስኮ እንደ ተመዘገበ ነገሩን። የልጆቹ ዓይን መሸሽ ጀመረ። እሳቸውም አዩት። ንግግራቸውን አጠፉና ጎንበስ ብለው ትንሹን ጠየቁት።

«አንተ ጎበዝ፣ ቤታችሁ ስንት በር አለው?»

«ሁለት። የፊትና የጓሮ።»

«ይሄ ቤት አሥራ ሁለት አለው። እየቆጠርህ ና። ስትጨርስ ትነግረኛለህ።»

ቀኑ እዚያ ላይ ዞረ! ከዚያ ወዲያ እኛ ግንብ ጎብኚዎች አልነበርንም፤ በር ፈላጊዎች ሆንን። ዘጠኝ መቶ ሜትር ገደማ የሚሆነውን አጥር ትንሹ ሲሮጥ፣ እኔ ስሙን ስጠይቅ፣ አስጎብኚው ሲመልሱ። የበሮቹ ስም ራሱ ተረት ነው። ሙዚቀኞቹ የሚገቡበት እምቢልታ በር። የፈረስ ሹሙ የሚገባበት ባልደራስ በር። የፈታዮቹ አደናግር በር። የዳኞቹ ወንበር በር። ለተዝካር የሚገባበት ተዝካሮ በር፤ ለሙታን መታሰቢያ እንኳ የራሱ በር! እኛ ዛሬ ትልልቅ ሕንፃ እንሠራለን፤ በሩን «ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት» ብለን እንጨርሰዋለን።

የፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ስንደርስ ትልቋ ዝም አለች። አራት ማዕዘኑ ላይ እንደ ድፎ ዳቦ ያበጡ ጉልላቶች፣ ቡናማ ድንጋይ፣ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ። «እዚህ ሰው ይኖር ነበር? በእውነት? ይበላ ነበር?» አለች። «ይበላ ነበር እንጂ! ያውም ማር በቅቤ» አሉ አስጎብኚው። ሰማይ ሲጠራ ከሰገነቱ ላይ ጣና ይታያል እንደሚባልም ነገሩን። የሐይቅ ልጆች ናቸውና ሁለቱም ወደ ደቡብ ዞረው ዓይናቸውን አጠበቡ። ጭጋግ ብቻ ነው። ትልቋ ትከሻዋን ነቀነቀችና «የእኛ ከቤታችን ጓሮ ነው ያለው» ብላ ለአስጎብኚው አስታወቀች። ያች አንዲት ኩራት ቀኑን ሙሉ በቅታታለች።

የሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን ቤት ውስጥ ጣሪያ የለም፤ ግድግዳውና ሣሩ ብቻ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ደግሞ የአንበሶቹ ቤት አለ። ትንሹ ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ አሰበ፣ አሰበና፣ «ዘፋኙ ካላማረለት ወደ ጎረቤት ይልኩት ነበር?» አለ። አስጎብኚው ሳቃቸው አቋርጧቸው ቆሙ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት እንደ ቆዩ አልነገሩንም፤ ይህን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ማሉልን።

የታላቁ ኢያሱ ግንብ እንደ ኮርቻ የጎበጠ ነው፤ በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር ይባላል። አሁን ሰማይ ይታይበታል። «ጣራውን ማን ወሰደው?» ሲል ትንሹ ጠየቀ። በመጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላ ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ሳለ እንግሊዞች ከአውሮፕላን የጣሉት ቦምብ። ጎንደር የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ የተለቀቀችው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት ከበደኝ። አስጎብኚው ቶሎ ወደ አፄ በካፋ አሻገሩን፤ ልብስ ቀይረው ማንም ሳያውቃቸው በሕዝቡ መካከል ይዘዋወሩ ስለ ነበሩት ንጉሥ። አንድ ጊዜ ቋራ ላይ ታመው ወድቀው አንዲት ቆንጆ ልጅ አስታመመቻቸው፤ ኋላ እቴጌ ምንትዋብ የሆነችው እሷ ናት ይላል የአገሩ ወሬ። ትልቋ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ትንሹ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ያየውን ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሁሉ «ንጉሥ ይሆን?» እያለ በጥርጣሬ ይመለከት ጀመር።

ልንወጣ ስንል ሪፖርቱን አቀረበ።

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ ሁለት ነው ልጄ።»

«ሁለቴ ቆጥሬያለሁ። አሥራ አንድ ነው።»

የተዘጋና የፈረሰ ስላለ ይሆናል ብዬ ላስታርቅ ስል አስጎብኚው በእጃቸው ከለከሉኝ። ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «እንግዲያው አንዱ ጠፍቷል ማለት ነው። ስታገኘው መጥተህ ንገረኝ» አሉት። እጅ ተጨባበጡ።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ታላቁ ኢያሱ ያስተከሉት ደብር ነው። ጫማችንን አውልቀን ከጨለማው ስንገባ ዓይናችን እስኪለምድ ቆምን። ከዚያ ትልቋ ቀና አለችና እጄን ያዘችኝ። «እማዬ። ያዩናል።»

ጣሪያው በሙሉ ፊት ነው። ከፊቶቹ ሥር ትንንሽ ክንፍ አለ፤ ተደርድረው፣ ጸጉራቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ትልልቅ። አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ልክ እኔን። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ገብቻለሁ፤ ሥዕል ስመለከት ኖሬያለሁ፤ ሥዕል ሲመለከተኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ትልቋ ወንድሟ በሮቹን ሲቆጥር መዋሉ አስቀንቷት ኖሮ መላእክቱን መቁጠር ጀመረች። መጀመሪያ መቶ አሥራ ስምንት አገኘች። ስትደግም መቶ ሠላሳ አንድ። ተራ በተራ የሚቆጥር ሰው አንገቱ ይደክምና መስመር ይስታል። በር ላይ የተቀመጡትን አባት ብትጠይቃቸው ሌላ ቁጥር ነገሯት፤ ባለቤቴ የያዘው የጉብኝት መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉም የተለየ። «ይበርራሉ መሰለኝ» አለች በመጨረሻ፣ ራሷን አሳምና።

አባት ለልጆቹ የንቡን ነገር አጫወቷቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ እዚህ ደጅ ደረሱ፤ ያን ጊዜ ንብ ከቅጥሩ ወጥቶ አባረራቸው፤ ደብሩ በዚህ ተረፈ። «ንቡ አሁንም አለ?» አለ ትንሹ በቀስታ። «አለ። ግን አንተን ያውቅሃል» አሉት። እስክንወጣ ድረስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያወራው።

ስለ ፋሲል መዋኛ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጥምቀት ነው፤ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚመጣው ውሃ ገንዳውን ሲሞላ፣ ታቦታቱ ሲያድሩበት፣ ወጣቱ ሲዘልበት። እኛ የደረስነው ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ውሃው ጎድሎ ገንዳው ጥግ ላይ ጥቂት ቀርቷል፤ ሰው የለም፤ ወፍ ብቻ። እንግዲህ ጥምቀትን ያላየ ጎንደርን አላየም ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ! በጥምቀት ቀን ልጆቼን እጃቸውን ጨምድጄ ይዤ በጫፍ እግሬ ቆሜ እመለስ ነበር። ዛሬ ግን የትልልቆቹ ዛፎች ሥር አጥሩን እንደ ሽማግሌ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ ልጆቼ ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው እየተንጠላጠሉ ሁለት ሰዓት አለፈ። ድንጋዩን የያዘው ሥሩ ይሁን፣ ሥሩን የያዘው ድንጋዩ፣ ባለቤቴና እኔ ስንከራከር ቆየን። አጠገቡ ደግሞ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ አለ። ፈረስ! ትልቋ አበባ ፈልጋ አምጥታ አኖረችበት።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ሰሜን ተራሮች ተነሣን። ከከተማው ብዙም ሳንርቅ ወለቃ ላይ ቆምን። የቤተ እስራኤሎች መንደር የነበረ ነው፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆይተዋል፤ የሸክላው ሙያ ግን መንገድ ዳር ተደርድሮ ይጠብቃል። ጣት የሚያህሉ አንበሶች፣ እርግቦች፣ ጥቁር ሸክላ። አንዲት ሴት ለትልቋ ቁራሽ ጭቃ ሰጥታ «አብጂው እስቲ» አለቻት። የወጣው ነገር አንበሳም ዓሣም ይመስላል። ሴትዮዋ አገላብጣ አየችውና «የአገርሽ እንስሳ ነው?» ስትላት ሁላችንም ሳቅን። ያ አንበሳ-ዓሣ እስካሁን ቡፌያችን ላይ አለ፤ ጅራቱ ብቻ ተሰብሯል።

ደባርቅ ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የመግቢያ ከፍለን አስጎብኚና ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዘን፣ ሌሊቱን ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን አድረን፣ ንጋት ላይ ገባን።

ትንሹ ሹራቡን ከላይ መልበስ እምቢ አለ። ከላይ የሚታየው የብሔራዊ ቡድኑ ማሊያ መሆን አለበት። ባለፈው ዓመት ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፈው ነበርና፣ ማሊያዋን ወስዶ ለራሱ ለዋልያው ሊያሳየው ነው። በሦስት ሹራብ ላይ የተወጠረች ማሊያ ምን እንደምትመስል አስቡት።

ቡይት ራስ ላይ መኪናው ቆመ። ሜዳው ቡናማ ነው መሰለኝ፤ ሜዳው ተንቀሳቀሰ! ጭላዳ ነው። መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ከዚያም በላይ፤ ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ወደ ፊት የሚሄዱ። ከመካከላቸው የእድር ስብሰባ የመሰለ ማጉተምተም ይሰማል። ወንዶቹ እንደ አንበሳ ጎፈር አላቸው፤ ነፋሱ ሲያበጥርላቸው የሚያውቁት ይመስላሉ። ደረታቸው ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ምልክት አለ።

ልጆቼ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሙዛቸውን ደበቁ! የሐዋሳ ልጅ ጦጣ ሲያይ መጀመሪያ የሚሠራው ይህንን ነው። ስካውቱ ሳቁ። «ተውት፣ አይነጥቁም። እነዚህ ሣር በሎች ናቸው። እንዳትሰጧቸው እንጂ እነሱስ አይለምኗችሁም።» እውነትም አንዷ እናት ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ከትንሹ ሁለት እርምጃ ርቃ አለፈች፤ ዞር ብላም አላየችው። ከዓለም ዝንጀሮዎች ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ጭላዳ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ የሚተኛውም ገደሉ ላይ ነው። ትንሹ ክብሩ የተነካ መሰለው። ሙዙን አውጥቶ፣ ማንም ሳይነጥቀው፣ ቅር እያለው በላ።

ከዚያ ገደሉ። እዚህ ላይ ብዕሬ ይደክማል። ሐዋሳ ላይ ታቦር ተራራ ወጥቼ ከተማውን ቁልቁል ሳይ ከፍታ ያየሁ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ግን ሣሩ አለ፣ ሣሩ አለ፣ ከዚያ ምንም የለም። ከእግራችን በታች አሞራ ይበርራል፤ ጀርባውን ነው የምናየው። ከእሱ በታች ሌሎች ተራሮች፣ ጫፋቸው የተቆረጠ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ሰማያዊ እየሆኑ የሚሄዱ። የሁለቱንም ልጆች ኮሌታ ይዤ ስለ ነበር ፎቶ ያነሣሁት አንድም የለም። ባለቤቴ ያነሣው ፎቶ አለ፤ እሱ ላይ የሚታየው የእኔ የተጨነቀ ፊት ነው።

ሳንቃበር አካባቢ በግ የሚጠብቅ፣ ከትንሹ ብዙም የማይበልጥ ልጅ አገኘን። ከበግ ጠጉር የተሠራ ቆብ ይሸጣል። የእኔዎቹ ሦስት ሹራብ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ እሱ አንዲት ጋቢ ጣል አድርጎ እግሩ ባዶ ነው። «ትምህርት ቤትስ?» አልሁት። «ፈረቃዬ ከሰዓት ነው» አለኝና ዋጋ ላይ ምንም አልቀነሰልኝም። ሁለት ቆብ ገዛን። ከሄድን በኋላም ዞር እያልሁ አየሁት፤ ገደሉ ጫፍ ላይ እንደ እኛ ሳሎን ተቀምጧል።

ትንሹ ያደረገውን ልረሳው ነበር። ቁርስ ላይ ቆሎ ሲቆረጥም ሲነቃነቅ የከረመው የፊት ጥርሱ ወለቀ። አለቀሰ፣ ቀጥሎ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ተጨነቀ፤ ጥርስ ጣሪያ ላይ ነው የሚወረወረው፤ እዚህ ጣሪያ የታለ? ስካውቱ ጉዳዩን በሚገባ አሰቡበት። «ገደሉ አለ» አሉ። ስለዚህ የልጄ የመጀመሪያ የፊት ጥርስ ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ስንት መቶ ሜትር እንደሆነ በማላውቀው ገደል ሥር ይገኛል። ሲወረውረው አንድ ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ ተከትሎት ቁልቁል ወረደ።

ጨነቅ ስንደርስ ጅብራ የሚባሉት ተክሎች እንደ ጠባቂ ወታደር ቆመዋል። ዋልያውን ፈለግን። በዓለም ላይ በዱር ያለው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ፓርኩ ራሱ በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ነበር፤ ከዚያ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ነው። ስካውቱ ማዶ ያለውን ገደል ጠቆሙ። «ያውላችሁ።» ባለቤቴ አየሁ አለ። ትልቋ ቀንዱን አየሁ አለች። እኔ ያየሁት ድንጋይ ነው፤ ዛሬም ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ትንሹ ግን ማንንም አልጠየቀም። ደረቱን ነፍቶ፣ ማሊያውን ወደ ገደሉ አዙሮ፣ ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ጎንደር የተመለስነው በማግሥቱ ነው። የማረፊያችን ባለቤት፣ ሁሉን በ«እሜቴ» የምትጠራ ሴት፣ ልጆቹ እስካሁን አዝማሪ አላዩም ስንላት ደነገጠች። «ምን ነካችሁ እሜቴ! ውሰዷቸው እንጂ። አንድ ሰዓት ላይ ሂዱ፤ ያን ጊዜ ቤተሰብ ነው የሚገባው። አራት ሰዓት ሲያልፍ ነው የትልቅ ሰው የሚሆነው።»

እነሆ፣ ጓደኛዬ የሳቀችበት ነገር ሆነ። ልጆቼን አስከትዬ አዝማሪ ቤት ገባሁ!

ቤቱ ጠባብ ነው፤ መደብ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ከእኛ ጎን አያት፣ እናትና ሦስት ልጆች ተቀምጠው ጥብስ ይበላሉ። ለእኛ ጠጅ በብርሌ፣ ለልጆቹ ብርዝ በብርሌ ቀረበ፤ ብርሌ አያያዝ የማያውቅ ልጅ እጁን እንዴት እንደሚያጠማዝዝ ማየት ራሱ ትርኢት ነው። አዝማሪው ገባ። አንድ ክር፣ ከፈረስ ጭራ፤ አንድ ደጋን፤ ከዚያ ያ በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ የነሣን ድምፅ። ትንሹ በጆሮዬ፣ «ያ የማይተኛው ሰውዬ ነው» አለኝ።

አዝማሪው ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። አንዱን በመላጣው፣ አንዱን በሆዱ፣ ሙሽሮቹን በሙሽርነታቸው ይነካል፤ የተነካው ይስቃል፣ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። ከጥግ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው አንሥቶ ይዘፍነዋል። ያለ ወረቀት፣ ያለ ማሰብ፣ እዚያው! እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ።

እኛ ዘንድ ሲደርስ «ከየት ናችሁ?» አለ። ትልቋ ተነሥታ ጆሮው ላይ አንሾካሾከች። ረጅም ነገር ነው የነገረችው፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ ሁለት ጊዜ ማሲንቆውን ጎተት አደረገና ወደ ትንሹ ዞረ፦

«የፋሲል ግቢ በር አሥራ ሁለት ሲወሳ፣
አንዱ ወልቆ ኖሯል የሄደው ሐዋሳ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ትንሹ አፉን በእጁ ከደነ፤ ከዚያ ገባውና እጁን አነሣ፤ ጥርስ የሌለበት ፈገግታው እንደ ክፍት በር ወለል አለ። ባለቤቴ ተሸክሞት አሥር ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። ጎናችን ያሉት አያት እልል አሉ። የአያትየዋ የልጅ ልጅ ትልቋን ጎትታ አስነሣቻትና ትከሻ እንዴት እንደሚሰበር አሳየቻት፤ ልጄ ስትሞክር እንደ በረዳት ሰው ነው የምትንቀጠቀጠው፤ ማንም አልሳቀባትም፣ ሁሉም አጨበጨበላት። አራት ሰዓት ሳይሞላ ወጣን። በሩ ላይ ከኋላችን የሚገቡትን የከተማ ጎረምሶች አየኋቸው፤ የጓደኛዬ ጎንደር ገና መጀመሯ ነው።

በነጋታው አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ትንሹ ፋሲል ግቢ ካልሄድን አለ። አስጎብኚው ገና ሥራ አልጀመሩም፤ በሩ ላይ ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ምንም አልተናገረም። አፉን ከፍቶ በጣቱ አሳያቸው። ጎንበስ ብለው መረመሩት።

«አሥራ ሁለት» አሉ።

ሐዋሳ ከገባን በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር እዚያችው ቦታ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። «እና? ምን አደረግሻቸው ቀን ቀን?» ብላ ጀመረች። ከየት እንደምጀምር ስፈልግ ትንሹ ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ እየሮጠ መጣ። በእጁ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ፣ ዱላ፣ ለምኖ ያገኘው የመረብ ክር። ክሩን ወጠረው፤ እንጨት ሳበበት፤ ድመት የተረገጠች የመሰለ ድምፅ ወጣ። ወደ ጓደኛዬ ተጠግቶ ቆመ።

«በይ ግጥም ስጪኝ» አላት።